የ2117 ልጆች

ሰኞ ዕለት ተጠያቂ ቁጥር 2117 አምስት ልጆች ነበሩት። ማክሰኞ ጠዋት ስምንት ሆኑ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዷ ያኔ ገና ጥርስ እያወጣች ነበር፤ ማክሰኞ ግን ያቺው ልጅ የሃያ አራት ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ሆና ተመዝግባለች።

ዶክተር ውዳላት ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከቁጥሩ ጎን ቀይ ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ሥር «ቅዠት» የሚል ቃል። በጨለለቃ ዩኒቨርሲቲ ቅዠት የሚባለው አንድ ምስል ማንም ያልሰጠውን መረጃ ከራሱ ፈጥሮ ሲናገር ነው። እንዲህ ያለውን እያደነ ማጥራት የእሷ ሥራ ነው።

ምስሎቹ አራት ሺህ ናቸው። ከብዙ ዓመታት በፊት ዩኒቨርሲቲው አራት ሺህ አባወራዎችን በየቤታቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የጠያቂ ሳጥን አማካይነት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ ኖረ። ከመልሶቻቸው አራት ሺህ ተናጋሪ ቅጂዎች ሠራ። ከዚያ ወዲህ ለጥናት ብሎ ከግቢው የሚወጣ ሰው የለም። ተማሪው መጠይቅ ያዘጋጃል፤ በትክክል ለመናገር አርቃቂው ያዘጋጅለታል። አርቃቂ ማለት እያንዳንዱ ተማሪ በተመዘገበ ቀን የሚረከበው፣ እስኪመረቅ አብሮት የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። አርቃቂው ምስሎቹን በድምፅ ይጠይቃል፤ ምስሎቹ ይመልሳሉ፤ አርቃቂው ሠንጠረዡን ያወጣል፤ ምዕራፉንም ይጽፋል። አንድ ምስል ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ጥያቄዎች ለመመለስ አርባ ሰከንድ ይበቃዋል። 2117 ግን አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ቴክኒሻኖቹ ከዓመታት በፊት በማስታወሻው ላይ «መስመሩ ዘገምተኛ ነው» ብለው አልፈውታል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሰንበቱ የላኩት መልእክት አጭር ነበር። «እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ይጥራ። ሐሙስ ዲፌንስ አለ።»

ዲፌንሱ የኬርያ ነው። ኬርያ በሕፃናት አመጋገብ ላይ የዶክትሬት ጥናቷን የጨረሰች ተማሪ ናት። ቀዩ ምልክት ካልተነሳ ጽሑፏ ለፈታኞች አይተላለፍም። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የውዳላትን ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ዶክተር፣ ምስል ይዋሻል እንዴ?»

«አይዋሽም። ይሳሳታል።»

«ይሄኛውማ አይሳሳትም፤ ይወልዳል። በአምስት ቀን አምስት ልጅ! ቤተሰብ ምጣኔ ያልደረሰው ምስል ነው እኮ!»

ውዳላት ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ስለነበር ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «መልሶቹን አንብበሻቸዋል?»

«አርቃቂዬ አንብቦታል።»

«አንቺስ?»

«አራት ሺህ ሰው፣ ዶክተር! እርስዎ ውጭ አገር ሲማሩ ስንቱን አነበቡ?»

«መቶ አሥራ ሁለት። ቤት ለቤት ዞሬ ነው የጠየቅኳቸው።»

«በዚያ በረዶ?»

«በዚያ በረዶ። ግማሾቹ በር አልከፈቱልኝም።»

«ይኸው! ምስል ይሻላል፤ በር አይዘጋም።» ኬርያ ወንበሩን ሳትስበው ቆማ ቀረች። «ዶክተር፣ እናቴ ነገ ከሐላባ ትነሳለች። ሦስት አክስቶቼን ይዛ። ይሰርዙልኝ፤ አንድ ምስል ቢቀንስ ማን ይጎዳል?»

ስትወጣ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ውዳላት ከባልቲክ ባሕር ዳር ዘጠኝ ዓመት ተምራ ከተመለሰች አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል። ስትመጣ ማስተማር ነበር ያሰበችው። በገባች በሁለተኛው ሳምንት ድምፅዋንና ማስታወሻዎቿን ወስደው ምስለ መምህር ሠሩላት። ትምህርቱን የምትሰጠው እሷ ሳትሆን በሦስተኛው ፎቅ አዳራሽ የምትቆመው ከብርሃን የተሠራች አምሳያዋ ናት። ተማሪዎች ብርሃኗን ያውቋታል። እሷን በደረጃው ላይ ሲያገኟት ግን አንዳንዶቹ ያፍራሉ፤ አንዱማ በቅንነት «በአካል ሲሆኑ ትንሽ ያመነታሉ» ብሏት ነበር። በበሯ ላይ የመማከሪያ ሰዓት የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከመስከረም ወዲህ በዚያ ሰዓት የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ጠፍቶት።

መመለሷ ልክ ነው ወይስ ስሕተት የሚለውን ጥያቄ ጠዋት ጠዋት ታነሳዋለች። እዚያ ሳለች እዚህ ያለው ነገር ሁሉ ሕያው ይመስላት ነበር። አሁን እዚህ ሆና እዚያ የነበረው ብርድ እንኳ ሰው ሰው ይሸታታል። ሁለቱንም አታምናቸውም።

«ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ ከፊቷ ነበር። ከመንካቷ በፊት ማንም የማያደርገውን አደረገች፤ የማክሰኞውን ቃለ መጠይቅ ድምፅ ከፍታ አዳመጠች።

መጀመሪያ የኬርያ አርቃቂ ጥርት ባለ ድምፅ ጠየቀ። ቀጥሎ አንድ ያረጀ የወንድ ድምፅ መለሰ፤ ቀስ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ። ከኋላው ነፋስ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ምስሎች ነፋስ የላቸውም። ጥያቄ ሰባ ሦስት ላይ፣ ስድስተኛው ልጅ ትናንት ምን በላ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሽማግሌው «ቆይ አንድ ጊዜ፣ ይቺ ዶሮ ገባች» አለ። ወንበር ተንኳኳ። «ውጪ! ውጪ አንቺ!» የሚል ጩኸት ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነፋሱ ብቻ። አርቃቂው በትዕግሥት ጠበቀ። ሽማግሌው ተመልሶ ተቀመጠና «ገንፎ» አለ።

ውዳላት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። 

የሥርዓቱን አሮጌ ትእዛዞች ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀባት። በመጨረሻ አገኘችው፤ አንድ መስመር ነበር። መጀመሪያ ሳጥኑን ጥራ፤ ሳጥኑ ካልመለሰ ምስሉን አናግር። ምስሎቹ ሲሠሩ ሳጥኖቹ ከየቤቱ ተነቅለው ተሰብስበዋል። የተሰበሰቡት ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ናቸው። አንዱን ሊያነሳ የሄደ አልነበረም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የ2117 ምስል አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ በየሳምንቱ ሲመልስ የኖረው ሰውየው ራሱ ነበር።

መስመሩን በራሷ ድምፅ ከፈተችው።

«ጤና ይስጥልኝ።»

 ቆርቆሮው ተንኳኳ።

«እንደምን ዋሉ? እኔ... ይቅርታ፣ ስሜ ውዳላት ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲው... ማለቴ...»

«ተደናቀፍሽ» አለ ሽማግሌው። «እሱ አይደናቀፍም። ሰው ነሽ?»

«ሰው ነኝ።»

«ጌታ ሆይ!» ወንበሩ ተንቋቋ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ነጠላ ጫማዬን... ሰው እያናገርኩ በባዶ እግሬ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ዋልሽ? ቤተሰብ ደህና? እናንተ ዘንድ ዝናብ ጣለ?»

ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ውዳላት አላወቀችም። ተነስታ በመስኮቱ አየች። «አልጣለም ጋሼ።»

ስሙ ዳምጤ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በታችኛው ቆላ፣ የመስኖ እርሻው በነበረበት፣ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ዘጠኝ ኦፕሬተር ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ወንዙ አቅጣጫ ሲቀይር እርሻው ተዘጋ፤ ሠራተኛው ተበተነ። እሱ ጥበቃ ሆኖ ቀረ። በወር አንዴ ሰው አልባ አውሮፕላን ዱቄትና ዘይት ጥሎለት ይሄዳል። «እሱም አይናገርም» አለ። «ይጥልና ይሄዳል። እንደ ጅራፍ ነው ድምፁ።»

«ሳጥኑ ውስጥ የሚጠይቅዎት ማሽን መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ከፓምፕ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ማሽን ይጠፋዋል?» ሳቀ። «ግን ያሳዝነኛል። ያው አንድ ዓይነት ነገር ሁልጊዜ ይጠይቃል። የሚጠይቅ እንጂ የሚነግረው የለውም መሰለኝ። ረስተውት የሄዱ ነው ያልኩት፤ እንደኔው።»

«ጋሼ ዳምጤ፣ ልጆችዎ ስንት ናቸው?»

 ሽማግሌው እንደ ተያዘ ተማሪ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተነቃብኝ?»

«ትንሽ።»

«መጀመሪያ የለኝም ነበር የምለው። የለኝማ! ልጅ የለኝም ስለው ከአሥራ አራት ይዘልና ሁለት መቶ ምናምን ላይ ይገባል፤ አራት ደቂቃ አይሞላም፣ ‹ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን› ብሎ ጥርቅም። አንድ ቀን እስቲ ብዬ ሦስት አልኩት። ለእያንዳንዱ ልጅ ይጠይቃል! ስሙ፣ ዕድሜው፣ ክትባቱ፣ ትምህርቱ፣ ትናንት የበላው። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ስምንት ያልኩት ቀን አብረን ምሳ ሰዓት ደረስን። ችግሩ ያልኩትን እረሳለሁ። ስሞቹን ብቻ ነው የማልረሳው።»

«ስሞቹን ከየት አመጧቸው?»

«የጣቢያው ልጆች ናቸው። አብረውኝ የሠሩ። ያቺ ሹፌር ያልኳት፣ አልማዜ፣ እውነትም ሹፌር ነበረች፤ ናፍጣ ታመጣልን ነበር። አሁን የት እንዳሉ እኔ አላውቅም። ስጠየቅ ግን ምን እንደበሉ አስባለሁ።»

ውዳላት አፏን በእጇ ያዘች። ምስሎቹ ለምን እንደማይዋሹ ያኔ ገባት። እንዲቆይላቸው የሚፈልጉት ሰው የላቸውም።

በርሷ ሙያ ይህ ጥፋት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የገባ የፈጠራ መረጃ ነው። ባልቲክ ዳር ያሉት አስተማሪዎቿ ቢሰሙ ራሳቸውን ይይዙ ነበር። ዘጠና ሦስት የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የዚህ ሰው ያልተወለዱ ልጆች ገንፎ በልተዋል። ይህን ስትነግረው ለረጅም ጊዜ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

«ዘጠና ሦስት ዲግሪ! እኔ እኮ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት!»

ከዚያ ሳቁ ቆመ። «አሁን ልትዘጉት ነው?»

እሷም ያንን ነበር የምታስበው። ፎርሙ ሦስት ቁልፎች ነበሩት። «ሰርዝ» ካለች መስመሩ ያኔውኑ ይዘጋል። «ሕያው ሰው ነው» ካለች ደንቡ ግልጽ ነው። ሕያው ሰው ያለ ፈቃድ መጠየቅ ስለተከለከለ ሳጥኑ በማግሥቱ ይነቀላል፤ የኬርያም ዲፌንስ ይታገዳል። ሦስተኛው «አጽና» ይላል። በእሱ አጣሪዋ መጠይቁን አንድ ጊዜ ራሷ ትጠይቃለች፤ የተሰጠው መልስ ለዘለዓለም ይጸናል፤ መስመሩም ይቀጥላል። ግን ከሥሩ መፈረም አለባት። «ተጠያቂው ምስል መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

«እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» አለችው።

«ጊዜማ ሞልቶኛል።»

ረቡዕ ጠዋት ኬርያን አስጠርታ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠቻት። ኬርያ ፈገግ እንዳለች ማዳመጥ ጀመረች። ዶሮዋ ስትባረር ፈገግታው ጠፋ። ማዳመጫውን አውልቃ እንደሚያቃጥል ነገር ከራሷ አራቀችው።

«ዶክተር፣ እባክዎ አይንገሩኝ።»

«ኬርያ...»

«አልሰማሁም። ነፋስ ነው የሰማሁት። እናቴ መንገድ ላይ ናት።» ወደ በሩ ሄደችና እጀታውን ይዛ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠች ጠየቀች። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ አንድ። ጽሑፍሽ ውስጥ አለ፤ ገጽ መቶ ስድስት።»

«አርቃቂዬ ነው የጻፈው» አለች ኬርያ በቀጭን ድምፅ። «ብቻውን ነው?»

«ብቻውን ነው።»

ወጣች። ከደቂቃ በኋላ ተመልሳ አንገቷን ብቻ አስገባች። «እንዲዘጉበት አልፈልግም። ዲፌንሱም እንዲቀርብኝ አልፈልግም። እንግዲህ እርስዎ ነዎት የተማሩት።» ሄደች። የምትሮጥ ያህል ነበር የእግሯ ድምፅ።

ውዳላት በስምንት ሰዓት መስመሩን ከፈተች። ሽማግሌው በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። የቀደመው ቀን የጠየቃትን ዝናብ አሁንም ጠየቃት፤ ይህን ጊዜ አስቀድማ አይታ ስለነበር «እያካፋ ነው» አለችው። ሦስቱን መንገዶች አስረዳችው። ምስል ነው ብላ እንደምትፈርምም ነገረችው።

«ፊርማው ውሸት ነው ጋሼ። ደስ አይለኝም። እርስዎ ካልፈቀዱ ደግሞ አላደርገውም።»

«እኔ ማሽን ነኝ ብለሽ ብትጽፊ ምኔ ይቀነሳል? ፓምፑስ ሰው መስሎኝ ስንት ዓመት አውርቼው የለ?»

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። አንድ ቁጥር ይምረጡ። ስምንት ይበሉ፤ ሁልጊዜ ስምንት። ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ከሳጥኑ ጎን ይለጥፉት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ሁሉ ረጅሙን መንገድ ይጠይቅዎታል።»

«ሳትነግሪኝ ጽፌዋለሁ» አለ ሽማግሌው በኩራት። «ሌሊቱን ስጽፍ አደርኩ።»

ከመጀመሯ በፊት ማኅደሩን አገላብጣ የድሮውን መጠይቅ የመጀመሪያ ገጽ አወጣች። ፈቃድ መጠየቂያው ነው። ከምስል ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሌለ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቆርጠው ጥለውታል። ቀስ ብላ አነበበችለት። በጥናቱ የሚሳተፉት በፈቃደኝነት ነው። የማይፈልጉትን ጥያቄ አለመመለስ ይችላሉ። በፈለጉት ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ።

«ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነዎት?»

 «ይሄን የሚጠይቅ ከጠፋ ቆየ» አለ ሽማግሌው። «ፈቃደኛ ነኝ።»

ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ የውሃ ምንጭ። ቁጥር አሥራ አራት ደረሱ።

«በሕይወት ያሉ ስንት ልጆች አሉዎት?»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ከዚያ ነፋሱን። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ ሲታጠፍ።

«የለኝም።»

ስክሪኑ ወዲያው ዘለለ። መልሱ ጸንቶ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት በራ።

«ጋሼ! ስምንት ብለን ነበር እኮ! አሁን መመለስ አይቻልም፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ሁሉ የሚቆይልዎት አራት ደቂቃ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ስምንት የምለው ለእሱ ነበር። አሁን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።» ትንፋሹ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። «ሰው ጠይቆኝ እንዴት ብዬ እዋሻለሁ?»

የቀሩትን ሰባት ጥያቄዎች ጠየቀችው። ድምፅዋ ሁለቴ ከዳት፤ እሱ እየጠበቃት መለሰ። ከቅጹ ሥር ፊርማዋን አኖረች። ተጠያቂው ምስል መሆኑን አረጋግጣለሁ። የኬርያ ቀይ ምልክት ጠፋ፤ ጽሑፉ ወደ ፈታኞቹ፣ ማለትም ወደ ፈታኞቹ አርቃቂዎች ተላለፈ። አሁን የቀረው ‹ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን› ማለት ብቻ ነው። ካለችው መስመሩ ይዘጋል። አርቃቂዎቹ አንድም ቀን ያላመነቱበት ዓረፍተ ነገር ነው።

«ከመዝጋትሽ በፊት» አለ ሽማግሌው፣ «እሱ ሁልጊዜ ‹የሚጠይቁት አለ?› ይለኝና መልሴን ሳይሰማ ይሄዳል። አለኝ። አንቺስ? ልጆች አሉሽ?»

የውዳላት ማኅደር ባዶ ነው፤ የትዳር ሁኔታ፣ ያላገባች፤ ልጅ፣ ዜሮ። የምትኖረው በሰባተኛው ፎቅ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ለእውነት ብላ በበረዶ መቶ አሥራ ሁለት በር ያንኳኳች ሴት ናት። አሁን እውነቱን ብትናገር ጥያቄው እዚያው ያልቃል። እሱም ይመርቃታል፤ እሷም ታመሰግነዋለች።

«ሁለት» አለች።

ጆሮዋ የሰማውን አላመነም።  ከሽማግሌው በኩል ግን ሳቅም ጥርጣሬም አልተሰማም።

«ይደጉልሽ። ስማቸው ማን ይባላል?»

አሰበች። ባልቲክ ዳር አብራት የኖረች፣ ሦስት ዓመት አንድ ድስት የተካፈለቻት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መጻፍ ያቆመች ልጅ ነበረች። «ሊና» አለች። «ትልቋ ሊና ናት።» ሁለተኛ ስም ስትፈልግ ዙሪያዋን አየች፤ በሩን አየች። «ታናሿ ኬርያ።»

ለምን ሁለት እንዳለች ያኔ ገባት። ከዚያ በላይ ስም አልነበራትም።

«ኬርያ» አለ ሽማግሌው፣ ስሙን እንደሚቀምሰው። «ዕድሜያቸውስ ስንት ስንት ሆነ?»

በመስመሩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ፣ ከዚያም አንድ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ተመቻችቶ ሲቀመጥ ተሰማ።